«ከመስከረም 1 ጀምሮ» ከማለት በፊት፦ ጤናማ ልማድን በነሐሴና በጳጉሜን መያዝ

ነሐሴ ሲጋመስ ባሕር ዳር ውስጥ ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ንግግር ሰምቶታል፦ «ከመስከረም 1 ጀምሮ!» ከመስከረም 1 ጀምሮ ባጃጅ ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ ሲጋራ አልነካም፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ የግፊት መድኃኒቴን ሰዓቱን ጠብቄ እውጣለሁ። ተናጋሪው ከልቡ ነው፤ ሰሚውም «እሰይ፣ አበጀህ» ይለዋል። ከዚያ ዓመቱ ይገባል፣ ዶሮ ወጡ ይቀርባል፣ የልጆች መመዝገቢያና ደብተር ኪስ ያራቁታል፣ መስቀል ይከተላል። ጥቅምት ላይ ነገሩን የሚያነሳ የለም፤ የሚያነሳ ቢገኝም እንደ ነገረኛ ይታያል።

ጠባዩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጆን ኖርክሮስ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቃል የገቡ ሰዎችን ሁለት ዓመት ተከታትለው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ ቃላቸውን የጠበቁት 77 ከመቶ ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 19 ከመቶ ቀሩ። እኔን የሚገርመኝ የወደቁት ብዛት ሳይሆን ከአምስቱ አንዱ መዝለቁ ነው። እነሱ ምን ነበራቸው?

ቀኑ ምንም አይጠቅምም ማለት አይቻልም። ሄንግቼን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ሰዎች በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ ወደ ስፖርት ቤት የመሄዳቸውና ስለ አመጋገብ የመጠየቃቸው ነገር ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ያለፈው ጥፋት ካለፈው ዓመት ጋር የተቀበረ ስለሚመስለን እግራችን ይቀላል። ግን ቀን የሚሰጠው መነሻ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲበርድ ሰውን ይዞ የሚያቆየው ልማዱ ነው። ልማድ ደግሞ ቦታና ሰዓት ተበጅቶለት፣ ሲደጋገም ከርሞ ነው የሚጸናው። ስለዚህ ከዕንቁጣጣሽ በፊት ያሉት ሳምንታት እጅን አጣጥፈው የሚጠብቋቸው ሳይሆኑ ዋናው ሥራ የሚሠራባቸው ናቸው።

የሳምንቱ ፈንዲሻ ለምን ተበላ?

ብስክሌት የለመደ የባሕር ዳር ልጅ ስለ መሪውና ስለ ፍሬኑ እያሰበ አይነዳም። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው፤ እጅና እግሩ ሥራቸውን ያውቃሉ። አዲስ ነገር ስንጀምር የሚደክመው ከግንባራችን ኋላ ያለው፣ የሚያቅደውና የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል ነው። ድርጊቱ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ሲደጋገም ግን ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ቤዛል ጋንግሊያ ወደሚባለው፣ ይተላለፋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አን ግሬይቢልና ባልደረቦቻቸው አይጦችን በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ቸኮሌት ፍለጋ እያስሮጡ የአንጎላቸውን ሴሎች እንቅስቃሴ መዝግበዋል። መጀመሪያ ላይ ሴሎቹ ከመነሻ እስከ መድረሻ ንቁ ነበሩ። መንገዱ ሲለመድ እንቅስቃሴያቸው በመነሻውና በመድረሻው ላይ ተሰበሰበ፤ መሀሉ ማሰብ የማይጠይቅ ሆነ።

እንግዲህ ልማድ ሦስት ነገር አለው፦ የሚቀሰቅሰው ምልክት፣ ድርጊቱ ራሱ፣ ከድርጊቱ የሚገኘው ደስታ ወይም እፎይታ። ብዙዎቻችን ትግላችንን ከመሀሉ፣ ከድርጊቱ ጋር እናደርጋለን። ጉልበቱ ያለው ግን በምልክቱ ላይ ነው።

ለዚህ ዴቪድ ኒል፣ ዌንዲ ውድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡትን የፈንዲሻ ጥናት የሚያህል ማሳያ አላየሁም። ሲኒማ ለሚገቡ ሰዎች ፈንዲሻ አደሉ፤ ለአንዳንዱ ትኩስ፣ ለአንዳንዱ ሳምንት ያደረ። ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ መብላት የለመዱት ያደረውንም የትኩሱን ያህል በሉት፤ እንደማይጥም በአፋቸው እየተናገሩ። በመሰብሰቢያ ክፍል ለተቀመጡ ሰዎች ሲታደል ግን ያደረው ተገፋ። እጅን ያንቀሳቀሰው የጨለማው አዳራሽና ወንበሩ ነበር ማለት ነው፤ ጣዕሙ አልነበረም። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ካላየ የጎደለበት የሚመስለው የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ሦስተኛው ማንኪያ ስኳርም የሚገባው ምላስ ስለጠየቀው አይደለም፤ ሲኒው ስለቀረበ ነው።

ጫት ለመተው የሞከረም ይህን ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ያቺ ክፍል፣ ያ ፍራሽ፣ እነዚያ ጓደኞች እስካሉ ድረስ በየቀኑ መማል ዋጋ የለውም። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮችን ሲከታተሉ፣ እዚያ የሄሮይን ሱሰኛ ከነበሩት ውስጥ አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆነው አገኟቸው። ቦታው ተለወጠ፣ ምልክቶቹም አብረው ጠፉ። ነገሩ በሌላ በኩልም ይሠራል፤ ቦታ ሲለወጥ ጥሩውም ልማድ ይረሳል። ተማሪው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ እያለ በየማለዳው ይሮጥ የነበረ፣ ለክረምት ቤተሰቡ ጋ ሲሄድ የሚያቆመው ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል። የሚቀሰቅሰው የመኝታ ቤት ጓደኛና የሜዳው በር እዚያ የሉም።

ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 1

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን በዚህ ጉዳይ ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ነገር መረጠ፤ ከቁርስ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ከምሳ ጋር አንድ ፍሬ፣ ከእራት በፊት ሩጫ። ድርጊቱ ያለ ማሰብ ወደሚሠራበት ደረጃ ለመድረስ የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሆነ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነበር፤ አንዱ በ18 ቀን ደረሰ፣ ለሌላው የተሰላው 254 ቀን ነው። ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ይዘገያል።

ይህን 66 በእኛ ዘመን አቆጣጠር አስቀምጡት። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፤ ድምሩ 65። ሐምሌ 1 ቀን የጀመረ ሰው 66ኛው ቀኑ ልክ መስከረም 1 ላይ ይውላል። ሐምሌ 1 የመንግሥት በጀት ዓመት መግቢያ ስለሆነ የቢሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቀን ነው፤ ለራሱ ሰውነት በጀት የሚይዝበት ግን ጥቂት ነው። በአንጻሩ መስከረም 1 ላይ የሚጀምር ሰው 66ኛ ቀኑን የሚያገኘው ኅዳር 6፣ በቁስቋም ነው። መንገዱ ላይ ዕንቁጣጣሽ ራሱና መስቀል አሉበት፤ ገና ሳይጠና ሁለት ትልልቅ በዓላትን ሊሻገር ነው።

ነሐሴ ላይ ሆነው ይህን የሚያነቡ «አለፈኝ» እንዳይሉ ሌላው የጥናቱ ግኝት ይጠቅማቸዋል። አንድ ቀን ማቋረጥ የልማዱን መያዝ ብዙም አልጎዳውም። ቁጥሩ ሰንሰለት አይደለም፤ አንድ ቀለበት ቢበጠስ ሁሉም አይፈታም። 20 ቀን ቀድሞ የጀመረም ከባዱን፣ የመጀመሪያውን ዳገት ወጥቶ ነው በዓሉ ላይ የሚደርሰው፤ ጥቅሙ በጣም የሚሰማው በመጀመሪያዎቹ ድግግሞሾች ነውና።

ፍልሰታ የሚያስተምረውና የማያስተምረው

እነዚህ ተመራማሪዎች ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር መጥተው ቢሆን ፍልሰታን በአድናቆት ያዩት ነበር ብዬ አስባለሁ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሕፃን አዋቂው ይጾማል፤ የልጆች ጾም እስኪባል ድረስ የሰባት ዓመቱ ልጅ ሳይቀር እስከ ቅዳሴ መውጫ አፉን ሳያሟሽ ይቆያል። ያ ልጅ ከአባቱ የበለጠ ቆራጥ ሆኖ አይደለም። ሥጋውና ቅቤው ከቤት ወጥቷል፣ ደወሉ ሰዓቱን ይነግረዋል፣ ጎረቤቱ፣ አክስቱ፣ ጓደኛው ሁሉ እየጾመ ነው። ምልክቱ ተዘጋጅቶ፣ ፈተናው ከዓይን ርቆ፣ አብሮ አድራጊው በዝቶ ይጠብቀዋል። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የሐይቅ ዳር ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ።)

ፍልሰታ የማያስተምረው ነገርም አለ። ጾሙ መጨረሻ አለው። ነሐሴ 16 ሲፈሰክ የተሰበሰበው ፍላጎት ሁሉ በአንድ ቀን ይለቀቃል፤ አትክልቱ፣ ከሰዓት በፊት ያለመብላቱ፣ ቀደም ብሎ መተኛቱ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቀን እስከ ዕንቁጣጣሽ ያለው ጊዜ 20 ቀን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስትሆን 21። እኔ ከዓመቱ ሁሉ የምፈራው እነዚህን 20 ቀናት ነው። ጾም የለም (ረቡዕና ዓርብ ሲቀሩ)፣ ሥራ ቀዝቅዟል፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ሁሉም ነገር «ለመስከረም» ተብሎ ተቀጥሯል። ረመዳንን የሚጾሙ ወገኖቻችንም ከኢድ ማግስት ተመሳሳይ ጊዜ ያውቃሉ።

ስለዚህ ከጾሙ ውስጥ አንዲት ነገር መርጦ ማስቀረት ነው። ሙሉውን መቀጠል አይቻልም፣ አስፈላጊም አይደለም። ለምሳሌ የምሳው ሰላጣና ጎመን ይቆይ፤ ፍስኩ በላዩ ይምጣ። ወይም ጨዉ ይቀነስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ ማለት ነው። የእኛ ቤት ችግር ጨው ብዙ ጊዜ ሁለቴ መግባቱ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለበት፣ ሽሮውም ሲፈጭ ጨው አለበት፤ ወጡ ሲወርድ ደግሞ ባለሙያዋ ሳትቀምስ አንድ ቁንጥር ትጨምራለች። ያች የመጨረሻ ቁንጥር ልማድ ናት። ምልክቷ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው የጨው ዕቃ ነው፤ ዕቃውን ወደ ጓዳ መውሰድ ምክር ከመስማት የበለጠ ይሠራል። ጨው የተቀነሰበት ወጥ ለሁለት ሦስት ሳምንት አልጫ አልጫ ይላል፣ ከዚያ ምላስ ይለምደዋል። ይህን ለመልመድ ከነሐሴ 16 እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ በቂ ነው።

ዝናብና እግር

በባሕር ዳር ዙሪያ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የማታ የእግር ጉዞ የለመደ ሰው ሐምሌ ላይ የሚያቆመው ለዚህ ነው፤ ምልክቱ ደረቅ መንገድና ለስላሳ ማምሻ ነበር፣ አሁን ሁለቱም የሉም። ማምሻው ራሱ የማያስተማምንበት ጊዜም አለ። መፍትሔው ዝናቡን መታገል አይደለም፤ ጉዞውን ወደ ሌላ ምልክት ማዛወር ነው፣ ቢቻል ወደ ማለዳ፣ ባይቻል ወደ ሥራ መሄጃ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። በዚያው መመሪያ የተለወጠ አንድ ነገር ለክረምት ሰው ትልቅ ምሥራች ነው፦ ከዚህ በፊት ከ10 ደቂቃ ያነሰ እንቅስቃሴ አይቆጠርም ነበር፤ አሁን ትንሹም ይቆጠራል። ዝናቡ ባባራባት አምስት ደቂቃ የተራመደ ሰው ተራምዷል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከባጃጅ ቀደም ብሎ ወርዶ ጠዋት 15፣ ማታ 15 ደቂቃ የሚራመድ ሰው በአምስት የሥራ ቀን 150 ደቂቃውን ሞላ። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ዳገት ሰበብ አይሆንም፤ ዳገት የፈለገ የቤዛዊት ኮረብታ አለችለት። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ለእግረኛና ለብስክሌትም የተለየ መንገድ አለው፤ ሄዶ መመለሱ 760 ሜትር፣ በፈጣን እርምጃ ከ10 ደቂቃ ያነሰ። ዋናን እንደ ስፖርት የሚያስቡ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፤ በጣና ዳርቻ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፍ ቢልሃርዚያ አለ፤ ልጆች ዳር ዳሩን ሲንቦጫረቁ የሚያገኛቸው እሱ ነው።

«እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ»

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልቪትዘር ለዓመታት ያጠኑት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። «ስፖርት እሠራለሁ» የሚል ዓላማ ብቻውን ደካማ ነው፤ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ ሲቀመጥ ግን ይጠነክራል፤ ምክንያቱም ውሳኔው አስቀድሞ አልቋልና ሰዓቱ ሲደርስ የሚያከራክር ነገር አይኖርም። በብሪታንያ ሣራ ሚልንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙትን ተመልከቱ። ተማሪዎችን በሦስት ከፈሏቸው። ምንም ካልተደረገላቸው 38 ከመቶው በሳምንቱ ቢያንስ አንዴ ስፖርት ሠሩ። ስለ ልብ በሽታ የሚያስፈራና የሚያነሳሳ ጽሑፍ ካነበቡት 35 ከመቶው ሠሩ። ያንኑ ጽሑፍ አንብበው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን እንዲጽፉ ከተደረጉት ግን 91 ከመቶው ሠሩ። ማስፈራራት ብቻውን ምንም አልጨመረም። በቴሌቪዥን የሚነገረን የጤና ምክር ለምን እንደማይዘን እዚህ ላይ ይገባኛል።

በእኛ ቤት ሲሆን፦ «ጠዋት ቡናው ሲቀዳ፣ አቦሉን ከመጠጣቴ በፊት የግፊት ክኒኔን እውጣለሁ።» ቡና በየቀኑ ስለሚፈላ ምልክቱ አይጠፋም፤ ሰው ተሰብስቦ ስለሚጠጣው ደግሞ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሰዋል። ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ የብረት ክኒን ግን እዚህ ውስጥ አይግባ፤ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ እሱ ከቡናው ርቆ ይወሰዳል። ሌሎች መድኃኒቶችም የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ፋርማሲስቱን አንድ ጊዜ መጠየቅ አይከብድም።

ጳጉሜንና መድኃኒት

ጳጉሜን ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ወሩ አጭር ቢሆንም በጤና በኩል ከባድ ነው። ብዙ ሰው ጠበል ይገባል፤ የሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜን 3፣ የሚዘንበው ዝናብ ራሱ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይወጣሉ። ይህ መልካም ነው። አደጋው የሚመጣው ጠበል የገባ ሰው ክኒኑን ቤት ትቶ ሲሄድ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም በሽታው በብርታት ሊመለስ ይችላል፤ የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ የደም ግፊት ሕመም ሳያሳይ ከፍ ብሎ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ተናግረዋል። ያለ ምግብ መዋጥ የማይቻል ክኒን ካለ፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይቀምስ ሊያረፍድ ከሆነ፣ ሰዓቱን ራሱ ከማሸጋሸጉ በፊት ሐኪሙን፣ ስለ ጾሙም የንስሐ አባቱን ያናግር። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም።

ለጉዞው የሚበቃው «እንዲህ ሲሆን» አጭር ነው፦ የነጠላና የጀሪካን ጓዝ ሲሸከፍ፣ ክኒኑ መጀመሪያ ይገባል።

ግፊታቸውን ተለክተው የማያውቁም ጳጉሜንን ቢጠቀሙባት እመክራለሁ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ተደጋግሞ ከተገኘ ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል። ከቅቤና ከጠላ በፊት ቁጥሩን ማወቅ፣ በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

በዓሉ ራሱ

አሁን መስከረም 1 ደረሰ። እዚህ ጋ የሚጥለን ምግቡ አይደለም፤ አንድ ቀን ጠግቦ በመብላት የታመመ ልብ ጥቂት ነው። የሚጥለን «ከነካሁት አይቀር» የምትለዋ ሐሳብ ናት። ፒተር ኸርማንና ጃኔት ፖሊቪ የተባሉ ተመራማሪዎች በአመጋገብ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ላይ ይህን ደጋግመው አሳይተዋል፦ እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ የወተት መጠጥ ከቀመሰ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርብለትን አይስክሬም ይቀንሳል ሲባል ይጨምራል። ቀኑ ተበላሽቷል፣ እንግዲህ ምን ቀረ፣ ነገ እጀምራለሁ። ከዚያ ነገ መስከረም 2 የዘመድ ጥየቃ ነው፣ መስከረም 3 የተረፈው ወጥ አለ፣ እንዲህ እያለ መስቀል ይደርሳል።

ከዚህ የሚያወጣው ልማዱን በበዓሉ ቀን ሙሉ በሙሉ አለመጣል ነው። ሴቶች ሊጥ ሲያልቅ ከእርሾው ጥቂት ቡሃቃው ውስጥ ያስቀራሉ፤ የሚቀጥለው ሊጥ የሚነሳው በዚያች ጥቂት ነው። የበዓል ቀን ልማድም እንደዚያ ትነስ፦ የ30 ደቂቃው ጉዞ አምስት ደቂቃ ይሁን፣ ዘመድ ቤት በባጃጅ ከመሄድ በእግር ይኬድ፣ ክኒኑ ይዋጥ። መስከረም 2 ላይ ጀማሪ አትሆኑም።

ስለ ጉርሻም ዝግጅት ያስፈልጋል። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ለተባለ ሰው «ጠግቤአለሁ» የሚለው መልስ አይሠራም፤ ለጋባዥዋ ጥጋብ የጉርሻ መነሻ ነው። እምቢታው ሌላ ነገር መስጠት አለበት። «እትዬ፣ ይቺን ጉርሻ ከእጅዎ እበላለሁ፣ ከዚያ ቡናውን አብሬዎት እስከ በረካው እቀመጣለሁ» ያለ ሰው አክብሯል፣ አንድ ጎርሷል፣ ሰሐኑንም አሳልፏል። እሳቸውም የፈለጉት ምግቡ ማለቁን ሳይሆን እንግዳው አለመቸኮሉን ነበር። «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ማለትም ይሠራል፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ስለ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ሰዓት መስማት ይጠብቃችኋል። መጠጡ ላይ ደግሞ ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ነው የሚሞላው፤ ግማሽ ብርጭቆ ጠላ ይዞ የሚጫወት ሰው አይቀዳለትም።

አጎበሩ

የመጨረሻው ልማድ ለዚህ አካባቢ የተለየ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአገራችን ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ሥፍራ በአብዛኛው የወባ ሥጋት ያለበት ነው። ዋናው ወቅት ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ያቆረው ውኃ ሲረጋጋና ፀሐይ ሲወጣ ትንኟ ትራባለች። አዲስ ዓመትና የወባ ወቅት አብረው ይገባሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ በአጎበር መተኛትን መልመድ ያለብን በነሐሴ ነው።

ይህ ልማድ ከሌሎቹ የሚከብደው ሽልማት ስለሌለው ነው። አጎበር ውስጥ የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሳ «ዛሬ ወባ አልያዘኝም» ብሎ አይደሰትም፤ ሙቀቱን ነው የሚያስታውሰው። ሽልማት የሌለው ልማድ የሚጸናው ሥራው ሲቀልል ነው። አጎበሩ ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ካለ አይዘረጋም፤ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ ቀን ተጠቅልሎ ከቆየ ግን አንድ እጅ ይበቃዋል። ምልክቱን ከልጆቹ ጋር ማያያዝም ይረዳል፦ ታናሹ ሲተኛ አጎበሩ ይወርዳል። መድኃኒት የተነከረው አጎበር እስከ 20 እጥበትና ሦስት ዓመት ያህል እንዲያገለግል የተሠራ ስለሆነ በየሳምንቱ መታጠብ የለበትም፤ ሲታጠብም በጥላ ይሰጣ፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ይጎዳዋልና። የተቀደደው በመርፌና በክር ይጠገን።

ከበዓሉ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም የመጣበት ሰው «የበዓል ድካም ነው» ብሎ፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ ክኒን ፈልጎ መዋጥ የለበትም። ምልክቱ በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከሆኑ ደግሞ በዚያው ዕለት።